ጎትቱኝ እንጂ!

እንግሊዞች ዓለምን የገዙት በመርከብና በመድፍ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እንግሊዝኛ አልተማረም ማለት ነው። እንግሊዞች ዓለምን የገዙት በመጎተት ነው! አትሳቁ። እኔም እንደናንተ እስቅ ነበር… ባለፈው ክረምት ቢሮአችን ለሠራተኞቹ የእንግሊዝኛ ማሻሻያ ሥልጠና አዘጋጅቶ፣ ሚስተር ኮሊን የሚባል ሸንበቆ የሚያክል ፈረንጅ ፊታችን ቆሞ “ፑል” የምትባለውን አንዲት ቃል ሳምንት ሙሉ እስኪጎትትብን ድረስ።

“ፑል” መጎተት ነው። ይህን የማያውቅ የለም። የሆቴል በር ላይ ተጽፎ እናገኘዋለን፤ አንብበን ስናበቃ እንገፋዋለን። የማናውቀው ሰዎቹ በዚህች ቃል የማይጎትቱት ነገር አለመኖሩን ነው። ሲቀልዱባችሁ እግራችሁን ጎተቱ ይባላል። ሾፌሩ መኪናውን ዳር ሲያስይዝ ጎተተ ነው። በሽተኛው ከሞት ሲተርፍ ጎትቶ አለፈ ነው። ያሰበው ሲሳካለትም ጎተተው፣ ከገባበት ስምምነት ሲያፈገፍግም ጎተተው! “አረፍ በል” ለማለት እንኳን “ወንበር ጎትት” ነው የሚሉት። ደንግጦ የተርበተበተን ሰው ደግሞ “ራስህን ጎትተህ አንድ ላይ አድርግ” ይሉታል። ሰውዬው መቼ ተበታተነ?

ከሁሉ ከሁሉ የእግሩ ነገር ነው ክፍሉን ያመሰው። ሚስተር ኮሊን የአንዱን እግር የሚጎትት አስመስሎ ጎንበስ ብሎ አሳየን። አጠገቤ የምትቀመጠው የሒሳብ ክፍሏ ሰዓዳ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

“ያ ራቢ! ለቀልድ ብለው የሰው እግር ይጎትታሉ?”

“አባባል ነው እኮ፣ ሰዓዳ።”

“አባባልም ቢሆን! ሰውዬው ቢወድቅስ?”

ቀጥሎ የመጣው “ገመድ መጎተት” ነበር። አንድ ሰው በዘመድ በአዝማድ፣ በትልቅ ሰው ስልክ ሥራ ሲያገኝ እንግሊዞች ገመድ ጎተተ ይላሉ። ሚስተር ኮሊን ነገሩ እንዳይከብደን ብሎ ቀስ እያለ፣ በእጁ የማይታይ ገመድ እየሳበ አስረዳን። ምስኪን! በኛ ቢሮ ይህን ለማስረዳት መልፋቱ እንዴት እንዳሳዘነኝ! ከኋላ የተቀመጡት የንብረት ክፍሉ መቶ አለቃ በቀለ ከእንቅልፋቸው ነቅተው፣

“ገመድ ምን ያደርጋል? እኛ ጋ ስልክ ይበቃል” አሉ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፊት ለፊት የተቀመጡት ኃላፊያችን ብቻ ጣሪያው ላይ አንዳች ነገር ያዩ ይመስል ቀና ብለው ቀሩ። “የራስህን ክብደት ጎትት” የሚለው ሲመጣ ግን ማንም አልሳቀም። የድርሻህን ሥራ ሥራ ማለት ነው አለን። ይህችኛይቱን አባባል ደብተሩ ላይ የጻፋት ሰው ያለ አይመስለኝም።

ራሴን ላስተዋውቃችሁ። ታደሰ እባላለሁ። ቅድመ አያቴ ከሸዋ መጥቶ እዚሁ ሐረር የቀረ ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ ተምሬ፣ እዚሁ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ፀጉሬን የጨረስኩ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ጠረጴዛዬ በሩ አጠገብ ነው። ባለጉዳይ ሁሉ ሲገባ መጀመሪያ እኔን ያገኛል፤ አግኝቶም “ይቅርታ፣ እገሌ የት ነው ያለው?” ይለኛል። እስከ ዛሬ “ታደሰ የት ነው ያለው?” ብሎ የጠየቀ ባለጉዳይ አላጋጠመኝም። የኔ ሥራ ሰውን ወደ ሌላ ሰው መላክ ነው። የዕድገት ቦታ በወጣ ቁጥር አልፎኝ ሲሄድ እንኳን የሄደበትን ክፍል የማሳየው እኔው ነኝ።

ስለዚህ ይህ ሥልጠና ለኔ ሥልጠና ብቻ አልነበረም። ሲጠናቀቅ በአዲሱ ከተማ በኩል የእንግሊዝኛ ማዕከል ይከፈታል፤ ከሠልጣኞቹ አንዱ አስተባባሪ ሆኖ ይመደባል ተብሏል። አስተባባሪው የራሱ ክፍል አለው። በር ያለው ክፍል! በሩ ላይ ስም የሚለጠፍበት! ሰው አንኳኩቶ “አቶ ታደሰ አሉ?” የሚልበት! አልደብቃችሁም፣ ቦታውን ፈልጌው ነበር። ሌሊት በሕልሜ፣ ቀን በቁሜ ነበር የምፈልገው። ስለዚህ የሚስተር ኮሊንን መጎተት በሙሉ እንደ ዳዊት ሸመደድኩት። ሸዋ በር ቆሜ ሚኒባስ ስጠብቅ እንኳ አፌ አያርፍም ነበር። ሾፌሩ መንገዱ መሃል ቀጥ ብሎ ሲያቆም “ዳር ጎትት እንጂ አንተ ሰው!” እላለሁ በእንግሊዝኛ። ረዳቱ በበኩሉ ሻንጣዬን ወደ ድሬዳዋው መኪና፣ ሌላው ረዳት ክንዴን ወደ ጅጅጋው መኪና ይስበዋል። የምሄደው ቤቴ ነው ብላቸው ማን ይስማኝ!

እዚያው ሸዋ በር በሁለት ረዳት መካከል ተወጥሬ ሳለሁ ነው አንድ ነገር የበራልኝ። እንግሊዞቹ ገመድ ይጎትታሉ፣ ወንበር ይጎትታሉ፣ ክብደት ይጎትታሉ… ሰው ግን አይጎትቱም። ሚስተር ኮሊንን በመጽሐፉ ውስጥ “እጁን ይዘው ጎትተው ቤት አስገቡት” የሚል አለ ወይ ብዬ ብጠይቀው ደነገጠ። ፖሊስ ካልሆነ ማን እንዲህ ያደርጋል? አለኝ።

እኛ እንጂ! እኛ ከሰው በቀር ምን እንጎትታለን? በአንድ ሰው ደጃፍ ስታልፉ ሰላም ማለት አይቀር…

“ግባ እንጂ!”

“ኧረ ቸኩያለሁ።”

“ትንሽ አረፍ በል።”

“ሌላ ቀን እመጣለሁ።”

“በሞቴ! እኔን አፈር ያልብሰኝ!”

ይህን ጊዜ እጅጌያችሁ ተይዟል። እናንተ ወደ መንገዱ፣ ባለቤቱ ወደ ቤቱ። የኔን ኮቶች ብታዩአቸው የሁሉም ቀኝ እጅጌ ከግራው ይረዝማል። እና ልብ በሉ፣ ስትጎተቱ በሆዳችሁ ደስ እያላችሁ ነው። ርቧችኋላ! ግን በመጀመሪያው “ግባ” የገባ ሰው፣ በመጀመሪያው “ብላ” እጁን የታጠበ ሰው ምን ይባላል? ያልተቀጣ ይባላል። ደህና ተደርጎ ያደገ ሰው የሚፈልገውን ነገር መጀመሪያ እምቢ ይላል። ጎታች ደግሞ እምቢታውን ከቁም ነገር ሳይቆጥር ይጎትታል። ይኸው ነው ሕጉ። ማንም አላስተማረን፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሁላችንም… ማለቴ እኛ።

የሥልጠናው መዝጊያ ዕለት ባለቤቴ ወይንሸት ሱሪዬን ተኩሳ፣ ልጄ ጫማዬን ጠርጋ ሸኙኝ። አዳራሹ ሞልቷል። ኃላፊያችን ከሚስተር ኮሊን ጎን ተቀምጠዋል። ሚስተር ኮሊን ተነስቶ አመሰገነን፣ አወደሰን፣ ከዚያም በፈተናው አንደኛ የወጣው ማን እንደሆነ ተናገረ። ማን ይመስላችኋል? ሰዓዳ ጎኔን በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

“አቶ ታደሰ” አለ ሚስተር ኮሊን በእንግሊዝኛው፣ “የማዕከሉ አስተባባሪ ብትሆን ደስ ይለናል። ኃላፊነቱን ትቀበላለህ?”

አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ተነሳሁ። ኮቴን ቆለፍኩ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ ያሳደጉኝን ሁሉ በሚያስመሰግን ትሕትና፣

“ኖ፣ ኖ፣ ሰር” አልኩ። “ከኔ የሚበልጡ ብዙ አሉ። አይ ካንት ፑል ኢት ኦፍ።”

አልወጣውም ማለቴ ነው። ራሱ ያስተማረኝን፣ ያውም አንዲት ፊደል ሳላጓድል! እንዲህ ዓይነት ትሕትና ከእንዲህ ዓይነት እንግሊዝኛ ጋር ተዳብሎ በሐረር ተሰምቶ አያውቅም። የሚስተር ኮሊን ፊት በደስታ በራ።

“በጣም ጥሩ!” አለ። “ድንቅ አጠቃቀም!”

ቆሜ ጠበቅኩ። አሁን እንግዲህ “ኧረ ትችላለህ” ይላል። እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። ኃላፊያችን “ተቀበል እንጂ አቶ ታደሰ” ይላሉ። ሰዓዳ ከኋላ ትገፋኛለች። እኔ “እንግዲህ ካላችሁ…” እላለሁ። ጭብጨባ ይቀልጣል። ይህ ሁሉ በሐሳቤ ተሰልፎ ሳለ ሚስተር ኮሊን፣

“ኦኬ” አለ። ፊቱንም ወደ ሰዓዳ አዞረ።

ኦኬ! በቃ ኦኬ! ተጎትቼ ልገባ እግሬን አንስቼ ሳለሁ በሩ ፊቴ ላይ ተዘጋ። ቁጭ ልበል ወይስ ቆሜ ልቅር? ቁጭ ማለት መቅረቱን መቀበል ነው፣ መቆም ማስቸገር ነው። በጉልበቴ መሃል ለመሃል፣ ከወንበሩ ትንሽ ከፍ ብዬ ቀረሁ።

ሰዓዳም በትውልዷ የዚሁ የሐረር ልጅ ናትና፣

“አስተግፊሩላህ! እሱ እያለ እኔ?” አለች፣ ወደ እንግሊዝኛም መልሳ “ኖ ሰር” አለች። ሁለተኛ የወጣችው እሷ ናት፤ ቦታውን ምን ያህል እንደምትመኘውም አውቃለሁ።

“ኦኬ” አለ ፈረንጁ።

ሦስተኛው “ታላላቆቼ ባሉበት” አለ። አራተኛዋ “እኔማ ምን አቅም አለኝ” አለች። ትሕትና አዳራሹን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ወረርሽኝ መታው። ሚስተር ኮሊን አቅም ያለው አንድ ሰው ሳያፈራ ሥልጠናው ማለቁን ሲያስብ ይመስለኛል፣ ፊቱ እየገረጣ ሄደ። በመጨረሻ ዓይኑ ከኋላ ወንበር፣ ግድግዳ ተደግፈው ከሚያንቀላፉት ላይ አረፈ።

“መቶ አለቃ በቀለ፣ ኃላፊነቱን ይቀበላሉ?”

መቶ አለቃ ከእንቅልፋቸው ሳይሆን ከምሽግ የወጡ ያህል ተወርውረው ተነሱ። ተረከዛቸውን አጋጩ።

“የስ ሰር!”

አበቃ። ካምፕ ውስጥ “ኧረ ከኔ የሚበልጡ አሉ” አይባልማ! ሰውዬው ዕድሜ ልካቸውን ሲታዘዙ “የስ ሰር” ሲሉ ኖረው፣ ከጦሩ ወጥተውም ቋንቋው አልለቀቃቸውም። ጭብጨባው ቀለጠ። እኔም አጨበጨብኩ። ቆሽቴ እያረረ፣ እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ።

ግቢው ውስጥ ሰዓዳ ደረሰችብኝ።

“ወሪያ ታደሰ! ምን ሆነህ ነው እምቢ ያልከው?”

“አንቺስ?”

“አንተ ‘ሰዓዳ ትሁን’ ትላለህ ብዬ ነዋ!”

“እኔ ደግሞ አንቺ ትገፊኛለሽ ብዬ!”

“ፈረንጁ ይለምንሃል ብለን ነው እኮ ዝም ያልነው፤ ወላሂ! እንግዳ ፊት እንዴት ቀድመን እንለምንህ?”

አያችሁ? ለመለመን የተዘጋጀ እንጂ ለመለመን… ይቅርታ፣ ተናድጄ አፌ ተሳሰረ፤ ሁሉም ተለማኝ፣ ለማኝ ግን የለም ማለቴ ነው። ለማንኛውም ሚስተር ኮሊንን ተከትዬ ሄድኩ። ሄጄ ምን ልል? “ፈልጌው ነበር” ይባላል? ነውር ነው! አንድ ዛፍ ሥር አገኘሁትና ስለ አየሩ ጠየቅኩት፣ ስለ እናቱ ጤና ጠየቅኩት፣ እግረ መንገዴን “የቅድሙ ነገር…” አልኩና ሳልኩ። ፈረንጁ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

“አቶ ታደሰ፣ ታማኝነትህን አከብራለሁ” አለኝ። “አቅሙን የሚያውቅ ሰው በጣም ጥቂት ነው።”

እንዲህ ያለ ስድብ በአማርኛ ተሰድቤ አላውቅም።

በማግሥቱ ሰዓዳ ሁላችንንም ለምሳ ጀጎል ቤቷ ጠራችን። የሚስተር ኮሊን መሸኛ ነው። በጠባቡ መንገድ በአንድ ረድፍ ስንሄድ ሕፃናቱ “ፈረንጆ! ፈረንጆ!” እያሉ አጀቡን። ደጃፉ ላይ ጫማችንን አውልቀን ገባን። የሐረሪ ቤት ሳሎን ታውቃላችሁ፤ ወንበር የለም፣ ነደባ የሚባለው ባለ ደረጃ መደብ ነው ያለው፤ ከፍ ያለውም ዝቅ ያለውም መቀመጫ እንደየክብሩ ነው። ሁላችንም ዝቅተኛውን ለመያዝ ስንሻማ፣ ሁላችንም ሌላውን ወደ ላይ ስንጎትት ምሳው ሊቀዘቅዝ ነበር። መቶ አለቃ በቀለ ብቻ “ከላይ ይቀመጡ” ሲሏቸው “እሺ” ብለው ወጥተው ተቀመጡ። አስተባባሪ ናቸዋ!

ሩዙ መጣ፣ ሥጋው መጣ፣ ሳምቡሳው መጣ። ሚስተር ኮሊን አንድ ሳህን ጥርግ አድርጎ በላና እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ “ኖ ታንክ ዩ” አለ።

“ኧረ ምን በላህና!” ሰዓዳ ጭልፋውን አነሳች። “ቢስሚላህ በል!”

“ኖ፣ ሪሊ…”

ጨመረችለት። በላ። “ኖ፣ ፕሊስ!” አለ። ጨመረችለት። በእጁ ሳህኑን ከደነ። ሰዓዳ ደግሞ ትዕግሥተኛ ናት፤ ላቡን ሊጠርግ እጁን ሲያነሳ ጠብቃ ቅልጥም የሚያክል ሥጋ አሳረፈችለት። ሰውዬው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ወደኔ ዞረ፤ ዓይኑ የሚለማመጥ የሕፃን ዓይን ሆኗል።

“አቶ ታደሰ፣ እባክህ ንገራት። ኖ ስል ኖ ማለቴ ነው። የእውነቴን ነው!”

ምን ይመስላችኋል፣ ነገርኳት?

“ሰዓዳ፣ አፍሮ ነው” አልኳት። “ጨምሪለት!”

እንደዚያን ዕለት ምሳ የጣመኝ ምሳ የለም።

ኃላፊያችንም ጠግበው፣ ትራሱን ደገፍ ብለው ፊታቸው ፈካ። ዙሪያውን ቃኙና እኔ ላይ አረፉ። ትላንት የሆነውን አይተዋል፤ ደግ ሰው መምሰል ፈልገዋል።

“አቶ ታደሰ ቅር እንዳይለው እንግዲህ” አሉ ሁሉም እንዲሰማ። “ምክትል አስተባባሪነቱን እሱ ይያዘው እንጂ! ምን ትላለህ አቶ ታደሰ?”

ሌሊቱን እንቅልፍ ሳይወስደኝ አድሬ ለራሴ ምዬ ነበር። ከእንግዲህ ለሰጠኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፣ እንደ መቶ አለቃ ነው የምሆነው ብዬ ነበር። ምክትልም ቢሆን በር አለው። ከአንድ በር ሁለት ሰው ቢገባ ምን አለበት?

“እሺ!” አልኩ። “እቀበላለሁ። ከሰኞ ጀምሮ መግባት እችላለሁ!”

የሚስተር ኮሊን ማኘክ ብቻ ይሰማል። የኃላፊያችን እጅ ሳምቡሳ እንደያዘ በሳህኑና በአፋቸው መካከል ቆሟል።

“አይ… እ… በጣም ጥሩ ነው” አሉ። “ማለቴ እንግዲህ… ሂደት አለው… ደንቡ በሚፈቅደው መሠረት የምናየው ይሆናል።”

ሰዓዳ ሻይ የምታቀርብ መስላ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አለች።

“ወሪያ፣ ምን አደረግክ! የእህታቸው ልጅ እኮ ተመድቦበታል! ደብዳቤው ሁሉ አልቋል!”

“ታዲያ ለምን ጠየቁኝ?”

“ለወጉ ነዋ! ‘ኧረ ለወጣቶች ይሰጥ’ ትላለህ፣ እሳቸው ያመሰግኑሃል፣ ሁላችንም እናጨበጭባለን። እንዴት እሺ ትላለህ? በስመአብ አትልም እንዴ አንተ!”

ለኔ ብላ በኔው ሃይማኖት አማተበችልኝ ማለት ነው። ቀና ብዬ ባልደረቦቼን አየሁ። እነዚያ ትላንት ለአንድ ቦታ እንኳ አንመጥንም ያሉ ትሑታን፣ ዛሬ የሚያዩኝ ከሰው ሳህን ላይ ሥጋ አንስቼ የተያዝኩ ይመስል ነበር። ከጀጎል ሳልወጣ ወሬው ቀድሞኝ ወጣ። ታደሰ ለካ ሥልጣን የጠማው ሰው ነው! ድሮም ዝምታው አያምርም ነበር! ይኸው እስከ ዛሬ በሬ አጠገብ የሚያልፈው ሁሉ… በሬ አልኩ እንዴ? በሩ። የቢሮው በር አጠገብ፣ ከዚያችው ጠረጴዛዬ ፊት የሚያልፈው ሁሉ “ምክትል፣ እንዴት ዋልክ?” ይለኛል። በአንድ ቀን ልዩነት የሚሰጠኝን እምቢ፣ የማይሰጠኝን እሺ ያልኩ ሰው ከኔ ሌላ ካለ ይምጣና እንተዋወቅ።

ቤቴ ስደርስ ወይንሸት ሰፌድ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ምስር እየለቀመች ነበር። ፊቴን አይታ ምንም አልጠየቀችም። እኔ ግን ማን አስቁሞኝ! ኮቴን ወርውሬ ከፈረንጁ ጀምሬ ኃላፊያችን ድረስ አወረድኩባቸው። እየተንጎራደድኩ ነው። ልጄ በር ላይ ቆማ ትሰማለች።

“ሰው እምቢ ሲል እምቢ ማለቱ እንዳልሆነ እንዴት ይጠፋዋል?” አልኩ። “ባህል የሚባል ነገር አለ እኮ! የኔንና ያንቺን ነገር እንኳ ተመልከቺ። አባትሽ ሽማግሌዎቼን ስንት ጊዜ ነው ‘ሌላ ቀን ኑ’ ብለው የመለሷቸው? አንቺስ ብትሆኚ? አላገባም ብለሽ ጓዳ ገብተሽ ስታለቅሺ አክስትሽ አይደሉም ወይ እጅሽን ይዘው ጎትተው ያወጡሽ? እንግዲህ ያን ጊዜ የኔ ሽማግሌ ሚስተር ኮሊን ቢሆን ኖሮ አስቢው! አንድ ጊዜ እምቢ ስትሉት ‘ኦኬ’ ብሎ ወደ ጎረቤት ቤት ይሻገር ነበር! ዛሬ አንቺ የት ትሆኚ ነበር?”

ወይንሸት ከሰፌዱ ላይ ቀና አላለችም።

“ድሬዳዋ” አለች።

“ድሬዳዋ ምን ልታደርጊ?”

“የነርስ ትምህርት ቤት ገብቼ ነበራ። ስሜ ወጥቶ ነበር።” አንዲት ጠጠር ለይታ አወጣችና አየቻት። “ያን ጊዜ እምቢ ያልኩት እኮ የምሬን ነበር፣ ታደሰ።”

መንጎራደዴን አቆምኩ። ልጄ አንዴ እናቷን፣ አንዴ እኔን አየች። ወይንሸት እግሬን እየጎተተች መስሎኝ ሳቋን ጠበቅኩ። ሳቅ የለም። ስንት ዓመት ሙሉ በሰርግ በማኅበሩ ያንን የጓዳ ልቅሶ እያስመሰልኩ፣ እጅ እየጎተትኩ ሰው ሳስቅ የኖርኩት እኔ ነኝ። እሷም እዚያው ተቀምጣ ትሰማ ነበር።

“ለምን አልነገርሽኝም?” አልኳት።

“ነገርኳችሁ እኮ። ስንት ጊዜ ልንገራችሁ?”

ምስሩን አንገዋልላ ተነሳች። ወደ ጓዳ ስትገባ ዞር ብላ፣

“ራት ላቅርብ?” አለችኝ።

“አልበላም” አልኳት። የምሬን ነበር።

ሳህኑን ሞልታ ይዛው መጣች። በላሁ።